ዝናብ ውስጥ የተገኘ ሦስት ነጥብ

ሐዋሳ ከተማ በዝናብ ተጫውቶ ባሸነፈ ማግስት በየጀበና ቡናው የሚሰማው ወሬ በፀሐይ ካሸነፈበት ቀን ወሬ ይለያል። በደረቅ ሜዳ ሲያሸንፍ ደጋፊው ተጫዋቾቹን ይተርካል፤ ማን ኳሱን እንደነጠቀ፣ ማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደጨረሰ። በዝናብ ሲያሸንፍ ግን ወሬው ከሜዳው ተነስቶ ወደ ሰማይ ይወጣል። «ዝናቡ ነው ያሸነፈልን» የሚል አይጠፋም። «ሜዳው ባይበላሽ ሦስት አራት እናገባ ነበር» የሚልም አለ። ሁለቱ የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ለሁለቱም ዝናብ ጨዋታ ሊያበላሽ ከውጭ የመጣ ነገር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐዋሳ ውስጥ ዝናብ የውድድር ዓመቱን ወሳኝ ወራት የያዘ ቋሚ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህም በዝናብ የተገኘ ድል የራሱ መመዘኛ ያስፈልገዋል። በፀሐዩ መመዘኛ ስንለካው ወይ እናሳንሰዋለን ወይ እናገንነዋለን፤ በሁለቱም መንገድ ስለ ቡድናችን የምናውቀው አይጨምርም።

እስቲ ወራቱን እንቁጠር። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በዓመት ከ900 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ይህ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጠራቅሞ አይወርድም። መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ድረስ በየወሩ ተከፋፍሎ ይዘንባል፤ በእርግጠኝነት ደረቅ የምንላቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ተጀምሮ ሰኔ አካባቢ ያልቃል። ሁለቱን ደርቦ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የውድድሩ መካከለኛ ክፍል ደረቅ ሜዳ ያገኛል፤ ዋንጫውም ወራጁም የሚለይባቸው ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ግን የዝናብ ናቸው። የከተማው ሰው ሰዓቱንም ያውቀዋል። ጠዋት ጥርት ብሎ ያረፈደ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይከብድና ወደ ማታ ያወርደዋል። ጨዋታ የሚደረገውም በዚያው ሰዓት ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው አሠራር ይህን የበለጠ አክብዶታል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ውድድሩን በተመረጡ ከተሞች እያዘዋወረ ማካሄድ ሲጀምር፣ ጨዋታዎቹም በሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ክለቦች በየሜዳቸው የሚገናኙበት የቀድሞው የደርሶ መልስ ልማድ ቀረ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ በተለያዩ ዓመታት አስተናገዱ። ሐዋሳ ከአንድ ጊዜ በላይ የደረሳት የማጠናቀቂያው ምዕራፍ ነው። በ2013 ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ያነሳው እዚህ ነው። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መቻልን በጠባብ የነጥብ ልዩነት ቀድሞ ሻምፒዮን የሆነውም እዚሁ ነው። እንግዲህ የአገሪቱ ሊግ በተደጋጋሚ የሚያልቀው በዝናቡ ወራት፣ በዝናቡ ሰዓት፣ ዝናብ በለመደች ከተማ ነው ማለት ነው።

ይህ አሠራር ሜዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ማየት ይቻላል። ቀድሞ አንድ ሜዳ ባለቤቱ ክለብ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይጫወትበት ነበር፤ ሳሩ ያገግማል፣ የተነቀለው ይተከላል። በአዲሱ አሠራር ግን ሁሉም አንድ ሜዳ ይጋራሉ፤ ሊጉ 16 ክለቦች ቢኖሩት አንድ ሳምንት ስምንት ጨዋታ ይኖረዋል፤ በቀን ሁለት ሁለት ከተደረገ አንድ ሜዳ አራት ተከታታይ ቀን ይረገጣል። ከዚያም ትንሽ አርፎ የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። በደረቅ ወር ይህ ሳሩን ያሳሳዋል። በዝናብ ወር ግን አፈሩን ይገለብጠዋል። የመጀመሪያው ጨዋታ በዝናብ ከተደረገ ማታ የሚገቡት ሁለት ቡድኖች ሌላ ሜዳ ላይ ነው የሚጫወቱት፤ የሁለቱም ግብ ክልል ተቦክቷል፣ የመሀሉ ክብ ሳሩን አጥቷል፣ የረዳት ዳኛው መሮጫ ዳር በዱካ ተሞልቷል። ስለዚህ የአንድን ቡድን የዝናብ ጨዋታ ስንመዝን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን በቀኑ ስንተኛው ጨዋታ እንደነበር ነው። ከሰዓት በኋላ ገብቶ በአዲስ እርጥበት የተጫወተን ቡድን ማታ በታረሰ መሬት ላይ ከታገለው ጋር እኩል ማየት ፍርድ ማዛባት ነው።

ደጋፊው «ረጥቧል» የሚለው ሜዳ በእርግጥ ሁለት ሜዳ ነው፤ ይህን መለየት ለግምገማ ትልቁ ቁልፍ ይመስለኛል። አንደኛው ሳሩ እርጥብ ሆኖ ውሃ ያልቋጠረው ነው። እዚህ ላይ ኳስ ትፈጥናለች። መሬት ለመሬት የተላከች ኳስ ከደረቅ ሜዳ ይልቅ ርቃ ትንሸራተታለች፣ ስትነጥርም ዝቅ ብላ ትፈተለካለች። በአውሮፓ ትልልቅ ሜዳዎች ጨዋታ ከመጀመሩ በፊትና በእረፍት ሰዓት ሳሩን ሆን ብለው ውሃ የሚያጠጡት ለዚህ ነው፤ ቅብብሉ እንዲፈጥን። በእንዲህ ያለ ሜዳ ኳስ መሥርቶ የሚጫወት ቡድን ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ሁለተኛው ውሃ የቋጠረው ነው። እዚህ ኳሷ ትሞታለች። አሥር ሜትር ትሄዳለች ተብላ የተላከች ኳስ ስድስተኛው ሜትር ላይ ኩሬ ውስጥ ቆማ ትቀራለች፤ አቀባዩ ስህተት አልሠራም፣ ተቀባዩም አልዘገየም፣ መሬቱ ግን መሀላቸው ላይ ያዛት። ተጋጣሚው አጥቂ ሮጦ ከደረሰባት ብቻውን ከግብ ጠባቂው ጋር ይፋጠጣል።

አንድ ቅጽበት በቅርብ እንመልከት። የመሀል ተከላካዩ ኳስ ይዞ ወደ ግቡ ዞሯል፣ አጥቂ እየተጫነው ነው። በደረቅ ሜዳ ዓይኑን ሳያነሳ ለግብ ጠባቂው መልሶ ይሰጣል፤ ቀላል ሥራ ነው። ውሃ በቋጠረ ሜዳ ይህችው ኳስ ከሁሉ አደገኛዋ ናት። ያወቀበት ተከላካይ ጉልበት ጨምሮ ከመሬት ትንሽ አንስቶ ይልካታል፣ አለዚያም ወደ ጎን አውጥቶ የእጅ ውርወራ ይሰጣል። ደጋፊው በዚያች ሰከንድ ያጉረመርማል፤ «ምን ሆኖ ነው ኳስ የሚጥለው?» ይላል። ልጁ ግን የቀኑን ትልቁን ውሳኔ በትክክል ወስኗል። ውጭ የወጣችው ያቺ ኳስ በቅንጭብ ቪዲዮ ላይ አትታይም፣ የጋዜጠኛ ማስታወሻም ውስጥ አትገባም። አንድ ለባዶ የሆነውን ውጤት አንድ ለባዶ ያደረገችው ግን እሷ ልትሆን ትችላለች።

ኳሷ ራሷ ከበደች የሚባለው ነገር የቆየ አባባል ነው፤ በቆዳ ኳስ ዘመን እውነት ነበር። ቆዳው ውሃ ይጠጣል፣ ስፌቱ ይረጥባል፣ በሁለተኛው አጋማሽ በቴስታ የሚመታት ሰው ግንባሩን ይዞ ይቀራል። ዛሬ ሕጉ ለጨዋታ መጀመሪያ ከ410 እስከ 450 ግራም የሚመዝን ኳስ ይጠይቃል፣ ለትልልቅ ውድድር የሚቀርቡት ኳሶችም ውሃ የመምጠጥ ፈተና ያለፉ ናቸው። ችግሩ ዛሬ ያለው እግር ሥር ነው። ታኬታው መሬቱን ካልያዘ ተጫዋቹ ለመምታት የቆመበት እግር ይሸሻል፤ ኳሷ ወደ ላይ የምትሄደው ወይም ከግቡ ጎን የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አጥቂው አጨራረስ አጣ ብለን ከመፍረዳችን በፊት የቆመበትን እግር ማየት ይገባናል።

በዝናብ ድል የከተማችን ደጋፊ ልቡ ሙሉ በሙሉ የማይረካበት ምክንያት ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚያኮራ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዋንጫዎች ቅዱስ ጊዮርጊስና መብራት ኃይል ተከፋፈሏቸው። በ1996 ሐዋሳ ከተማ፣ በያኔው ስሙ ሐዋሳ ከነማ፣ በአሠልጣኝ ከማል አህመድ እየተመራ ዋንጫውን ሲያነሳ ከአዲስ አበባ ውጭ የወጣ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። በ1999 ደገመው። ከዚያ በኋላ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 እስኪያሸንፍ ድረስ ሌላ የክልል ክለብ እዚያ አልደረሰም። እነዚያን ሁለት ቡድኖች ያየ ሰው የሚተርከው ቅብብሉን፣ የልጆቹን የእግር ሥራና ድፍረታቸውን ነው። ከዚህች ከተማ ሜዳዎች ሽመልስ በቀለን የመሰለ ኳስ ከእግሩ የማትለይ ልጅ ወጥቶ ግብፅ ድረስ ተጫውቷል። ሙሉጌታ ምህረት ክለቡን በተጫዋችነት አገልግሎ በኋላ በአሠልጣኝነት ተመልሶበታል። ኳስን መሠረት ባደረገ አጨዋወቱ የሚታወቀው ውበቱ አባተም የክለቡን የአሠልጣኝነት ወንበር ይዞ ነበር። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ያደገ ደጋፊ ጭቃ ላይ በተሻማ ኳስ የገባች አንዲት ግብ «የእኛ» አትመስለውም።

ስለዚህም ቡና ላይ ወጣቱ «ጋሼ፣ በጭቃ አንድ ለዜሮ ማሸነፍ እኮ ስለ ቡድኑ ምንም አይነግርዎትም» ሲል፣ ሁለቱን ዋንጫዎች በዓይናቸው ያዩት ሰውዬ «አንተ ልጅ፣ ነጥቡ እኮ ጭቃ የለበትም» ብለው ይመልሱለታል። ሁለቱም የያዙት ቁራጭ እውነት አለ። የወጣቱ ጥያቄ ስለሚቀጥለው ጨዋታ ነው፤ ይህ ድል ይደገማል ወይ ነው የሚለው። የሰውዬው መልስ ስላለፈው ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ስለተመዘገበው። ክርክሩ የማያልቀው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚከራከሩባቸው ነው።

ደግሞም የሐዋሳ ኳስ መሬት ለመሬት ብቻ ነው የሚለው ትዝታ ሙሉ አይደለም። አዳነ ግርማ የዚህች ከተማ ልጅ ነው፤ በዚሁ ክለብ ተጫውቶ ነው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሄደው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ የአቻነቱን ግብ ያገባውም እሱ ነው። አዳነ በጉልበቱ፣ በአየር ላይ ኳስ፣ ከተከላካይነት እስከ አጥቂነት በየትኛውም ቦታ በመሰለፉ የሚታወቅ ተጫዋች ነበር። በቅብብል ጥበብ የምንኮራባት ከተማ ለከባድ ሜዳ የሚሆን ሰውም አፍርታለች። ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ አንዱን ይዘን ሌላውን የምንጥልበት ምክንያት የለም።

ዓለም በዝናብ የተገኘን ድል እንዴት እንደመዘነ ለማየት ሁለት ጨዋታዎችን ላንሳ። በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በርን ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አንደኛው ነው። ሃንጋሪ ለዓመታት ያልተሸነፈ፣ በምድብ ጨዋታው ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 የረታ ቡድን ነበር። በፍጻሜውም በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራ። ቀኑ ዝናባማ ነበር፤ ጀርመኖቹ 3 ለ 2 አሸነፉ። ብዙ ሰው ይህን በተአምር ይተርከዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዝናቡ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። ጫማ ሠሪው አዲ ዳስለር ታኬታው እየተፈታ የሚቀየር ጫማ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሜዳው ሲረጥብ ረዘም ያለው ተገጠመላቸው። አምበሉ ፍሪትዝ ቫልተር በዝናብ የተሻለ እንደሚጫወት በአገሩ የታወቀ ስለነበር ጀርመኖች እስከዛሬ ዝናባማ ቀንን በስሙ ይጠሩታል። ዝናቡ ለሁለቱም ቡድን እኩል ዘንቧል። የተዘጋጀለት አንደኛው ነበር።

ሁለተኛው ከ20 ዓመት በኋላ ፍራንክፈርት ላይ የሆነው ነው። በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ፖላንድ ወደ ፍጻሜ ለማለፍ ሲገናኙ ሜዳው በዶፍ ተጥለቅልቆ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ። ጀርመን እኩል መውጣት ይበቃት ነበር። ፖላንዶች ፈጣን የመስመር አጥቂዎች ነበሯቸው፤ ፍጥነታቸው ውሃው ውስጥ ቀረ። በ76ኛው ደቂቃ ጌርድ ሙለር አንድ አገባ፣ ግብ ጠባቂው ሴፕ ማየር በመጀመሪያው አጋማሽ ያዳናቸው ኳሶች የቀረውን ሠሩ። ፖላንዶች ሜዳው ደረቅ ቢሆን እናሸንፍ ነበር እያሉ ይኖራሉ፤ ምናልባት ልክ ናቸው። ይህ ጨዋታ ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ጀርመኖች ማየርን ስለማይረሱት ነው። አንድ ለባዶ ውስጥ የግብ ጠባቂው ድርሻ ከአስቆጣሪው እንደማያንስ ያውቃሉ። ሐዋሳ ላይ ግን በዝናብ ያሸነፍንበትን ጨዋታ ስንተርክ ግብ ጠባቂያችን ስሙ የሚነሳው የያዛት ኳስ ካመለጠችው ብቻ ነው። የረጠበ ጓንት፣ ዓይን ላይ የሚወርድ ውሃ፣ ሳር ነክታ የምትፈጥን ኳስ፤ በዚህ ሁሉ መሀል ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ ያስቀረ ልጅ የቀኑ ተጫዋች መባል ሲገባው ሳይጠራ ይቀራል።

አሁን ወደ መመዘኛው ልምጣ። ዝናብ በጨዋታ ላይ የሚያደርገው ትልቁ ነገር የሁለቱን ቡድኖች ልዩነት ማጥበብ ነው። ጥሩው ቡድን በደረቅ ሜዳ ከሚፈጥራቸው ዕድሎች የተወሰኑትን ያጣል፤ ደካማው ደግሞ ከተጋጣሚው ስህተት ያልጠበቀውን ያገኛል። ስለዚህ ማን ማንን አሸነፈ የሚለው በዝናብ ቀን የተለየ ትርጉም አለው። ሐዋሳ ከተማ በሰንጠረዡ ከበላዩ ያለን ቡድን በጭቃ ካሸነፈ ደስ ይበለን፣ ስለሚቀጥለው ወር ግን ብዙ አንተማመንበት፤ ልዩነቱን ያጠበበው ዝናቡ ሊሆን ይችላል። ከበታቹ ያለውን፣ ላለመውረድ የሚታገለውን ቡድን በእንዲህ ያለ ሜዳ ካሸነፈ ግን ያ ድል በደረቅ ሜዳ ከሚያስገኘው በላይ ይነግረናል፤ ብልጫው በተጣበበበት ቀን ብልጫውን ማስጠበቅ ችሏልና። የእኛ ደጋፊ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ታላቁን ቡድን በጭቃ ስናሸንፍ ወቅቱ የእኛ ነው ብሎ ይፎክራል፣ ታችኛውን በጭቃ አንድ ለባዶ ስናሸንፍ አፍሮ ይወጣል። የሐዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ጨዋታ ሲሆን ይህ ስህተት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ ከተማ አየርና መሬት የሚሠለጥኑ ስለሆኑ ዝናቡ ለአንዱ አያደላም፣ እዚያ ላይ ውጤቱ ከሌላው ቀን የበለጠ የሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ግቧ አመጣጥ እንሂድ። በዝናብ የሚገቡ ግቦች ብዙዎቹ ከቆመ ኳስ፣ ከተመለሰ ኳስ ወይም ግብ ጠባቂ ከተፋው ኳስ ይመጣሉ። ይህን «ዕድል» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ግን ግብ ጠባቂው የተፋትን ኳስ ያስቆጠረው አጥቂ ከምቱ በፊት ወደ ግቡ መሮጥ ጀምሮ ነበር ወይ? ማዕዘን ምቱ ሲሻማ የተጨረፈችው ኳስ የምትወርድበት ቦታ ላይ፣ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ፣ ሰው ቆሞ ነበር ወይ? ከርቀት የተመታችው ኳስ ግብ ጠባቂው ፊት ነጥራ እንድትገባ ዝቅ ተደርጋ ነበር የተመታችው? የእነዚህ መልስ አዎ ከሆነ ግቧ የልምምድ ውጤት ናት። አጥቂው ቆሞ እያየ ኳሷ እግሩ ላይ ከመጣችለት ዕድል ነው፤ ያኔ ዕድል ብለን እንመን። የሁለተኛ ኳስን ነገር ከጥላ ፎቅ ላይ ሆኖ ማየት ቀላል ነው። ረጅም ኳስ በቴስታ ተጨርፋ ስትወርድ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ብንከታተል፣ ኳስ በቁጥጥር ስር የማዋል መቶኛ ከሚነግረን የበለጠ እናውቃለን። ውሃ በቋጠረ ሜዳ ኳስ ብዙ መያዝ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ በራስ ግብ አካባቢ ከተያዘ።

ሌላው የማይወራለት ነገር ጥፋት የተሠራበት ቦታ ነው። በሚያዳልጥ ሜዳ ሸርተቴ የገባ ተከላካይ ያሰበበት ቦታ አይቆምም፤ ኳሷን አልፎ እግር ይመታል። ሥርዓት ያለው ቡድን በራሱ ግብ አቅራቢያ በእግሩ ቆሞ ይከላከላል፣ ሸርተቴውን መሀል ሜዳ ላይ ይተወዋል። ቡድናችን ባሸነፈባቸው የዝናብ ጨዋታዎች ከ25 ሜትር ወዲህ ስንት ቅጣት ምት እንደሰጠ የሚቆጥር ደጋፊ ብናገኝ፣ ስለ ተከላካዮቻችን ብስለት ጥሩ መረጃ ይኖረን ነበር። ቅያሪውም እንዲሁ ነው። በ60ኛው ደቂቃ ሜዳው ከከበደ ጉልበቱ ያለቀው አማካይ በጥበቡ ብቻ አይዘልቅም። አሠልጣኙ ይህን አይቶ በጊዜ ከለወጠ፣ ተቀያሪውም ገብቶ የአየር ላይ ኳሶችን ካሸነፈ፣ ድሉ ከአግዳሚው ወንበርም መጥቷል ማለት ነው።

ውጤትና አጨዋወትን ለይቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ይህች ከተማ በዓይኗ ያየችው ምሳሌ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ እየተመራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2019ኙ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሴራሊዮንን ሐዋሳ ላይ አስተናግዶ 1 ለ 0 አሸነፈ። ቆይቶ ሴራሊዮን በፊፋ ታገደችና ከምድቡ ተሰረዘች፤ ሦስቱ ነጥብም አብሮ ጠፋ። ሰንጠረዡ ያን ቀን እንዳልነበረ አደረገው። ስታዲየም የነበረ ሰው ግን ያን ቡድን አይቷል፣ የሚያምንበትና የማያምንበት ተጫዋች ለይቶ ወጥቷል። ነጥብ በቢሮ ውሳኔ ሊሰረዝ ይችላል፤ ደጋፊው ያስተዋለው ነገር ግን ለቀጣዩ ጨዋታ ይጠቅመዋል።

የቴሌቪዥን ስርጭቱ ለግምገማችን ብዙ ረድቶናል፤ አንድ ጉዳት ግን አምጥቷል። ጨዋታ ያመለጠው ሰው ማታ የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ አይቶ ይፈርዳል። በደረቅ ሜዳ ቅንጭብ ግቧን ከነአመጣጧ ያሳያል፤ ቅብብሉ አምስት ስድስት ንክኪ ስለሆነ አብሮ ይገባል። በዝናብ ቀን ግን የሚታየው የተከላካዩ መንሸራተትና የግብ ጠባቂው ስህተት ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ደቂቃ ሙሉ የተደረገው ጫና፣ ተከላካዩን ወደዚያ ስህተት የገፋው ሩጫ፣ አይታይም። በዝናብ የተገኙ ድሎች ሁሉ በዕድል የተገኙ የሚመስሉት በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ሙሉ 90 ደቂቃውን ዝናብ እየመታው፣ ያልተሸፈነው መቀመጫ ላይ ፌስታል ራሱ ላይ ደፍቶ ያየው ደጋፊ ምስክርነቱ ከቅንጭቡ ይበልጣል። ቡና ላይ ክርክር ሲነሳ ያ ሰው ቀድሞ ቢናገር ደስ ይለኛል።

እስካሁን ያልኩት ደጋፊውን ይመለከታል። ክለቡንና ሜዳውን የሚያስተዳድሩትን የሚመለከት ነገርም አለ፤ ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል። ወሳኞቹ ወራት የዝናብ ከሆኑ ዝግጅቱም የዝናብ መሆን አለበት። በከተማችን ሰፈር ውስጥ ዝናብ ሲጀምር የታዳጊዎች ልምምድ ይበተናል፤ ወላጅ ጉንፋን ይፈራል፣ አሠልጣኙም የመብረቁን ነገር ያስባል፣ መብረቅ ሲኖር መበተኑ ተገቢም ነው። ግን ዝናቡ አባርቶ ሜዳው እርጥብ ሆኖ ሲቀርም ልምምድ የለም። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ዋናው ቡድን እስኪገባ ድረስ በእርጥብ ሜዳ ኳስ መቆጣጠርን፣ ከመሬት ትንሽ አንስቶ ማቀበልን፣ ታኬታ መርጦ መግባትን ሳይማር ያድጋል። ታኬታውም ራሱ ወጪ ነው፤ አንድ ጫማ ያለው ልጅ ለደረቁም ለእርጥቡም ያችኑ ያጠልቃል። ክለቡ ለታዳጊዎቹ ረዥም ታኬታ ያላቸውን ጥቂት ጫማዎች በየቁጥሩ ቢያስቀምጥ ትልቅ ወጪ አይደለም፤ በግንቦት አንድ ነጥብ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ዳኝነቱም በዚህ ውስጥ ነው። ዳኛ ጨዋታውን የማቆም ወይም የማቋረጥ ሥልጣን አለው። ሕጉ የተቋረጠ ጨዋታ የውድድሩ ደንብ ሌላ ካላለ በስተቀር እንደ አዲስ ይደገማል ይላል። በቀን ሁለት ጨዋታ በሚደረግበት፣ የስርጭት ሰዓት በተያዘበት፣ ቡድኖች ሆቴል ተከራይተው በሰነበቱበት አሠራር አንድ ጨዋታ መግፋት የሌላውን መርሐ ግብር ይነካል፤ ስለዚህ ሜዳው ሳይመች የመቀጠል ጫናው ከባድ ነው። ደጋፊው ዳኛውን ከመሳደብ ይልቅ ሜዳው ላይ ኳስ ጥሎ ሲሞክር ይመልከተው። ኳሷ በአብዛኛው የሜዳ ክፍል የምትነጥርና የምትንከባለል ከሆነ ጨዋታው ጨዋታ ነው፣ ውጤቱም ውጤት። በሁለቱም የግብ ክልል ውስጥ የማትንቀሳቀስ ከሆነ ግን ያኔ የተገኘ ድልም ሽንፈትም ለግምገማ አይሆንም፤ ያን ለመናገር ደጋፊው የሚሸነፍበትን ቀን መጠበቅ የለበትም፣ ባሸነፈበት ቀንም ሊለው ይገባል።

ሜዳውን በተመለከተ ከተማችን አንድ መልካም ነገር አላት። የሐዋሳ አካባቢ መሬት እንደ ብዙው ደጋ ጥቁር ዋልካ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣ አሸዋማ አፈር በብዛት አለበት፣ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ዝናቡ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ የሰፈር ሜዳዎች እንደገና የሚረገጡት ለዚህ ነው። የስታዲየም ሜዳ ግን በመረገጥ ብዛት ይጠጥራል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ምንም ያህል አሸዋማ ቢሆን ውሃ አያስገባም። በውድድሩ መሀል ሜዳውን በሹካ መውጋት፣ ደረቅ አሸዋ መበተን፣ በሁለት ጨዋታዎች መሀል የተነቀለውን ሳር በእግር ጠቅጥቆ መመለስ ማሽን የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ መነሻው የሁለቱ ግብ አፍ ይሁን፤ ከግብ መስመሩ ስድስት ሜትር ወደፊት፣ ከቋሚ እስከ ቋሚ። ግብ ጠባቂዎቹ የሚቆሙት እዚያ ነው፣ ማዕዘን ምቱ የሚወርደው እዚያ ነው፣ ከዝናብ ጨዋታ ግቦችም ብዙዎቹ የሚገቡት ከዚያች ቦታ ነው።